ፎርሙ የፈጠረው ልጅ

የሕፃናት ማቆያው ጸሐፊ ቅዳሜ ጠዋት ደውለው፣ «ልጄ፣ እነዚህ ስም የሌላቸው ሕፃናት የማን ናቸው?» ሲሉኝ ገና ፊቴን እንኳ አልታጠብኩም ነበር።

«የምን ሕፃናት?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ድረ ገጹን የሠራኸው አንተ አይደለህ እንዴ? ዝርዝሩ ላይ እናት አላቸው፣ አባት አላቸው፣ አድራሻ አላቸው። ስም ግን የላቸውም። ደግሞ አልጋ ይዘዋል። ስም ያላቸው ልጆች ተጠባባቂ ሆነው፣ ስም የለሾቹ አልጋዬ ላይ ተንፈላሰውብኛል።»

ጸሐፊዋ ደግ ሴት ናቸው። ሲናደዱ ግን ስልኩን ከጆሮ ራቅ አድርጎ መያዝ ነው። ማቆያው ሰኞ ይከፈታል፤ በየአልጋው ራስጌ የሚለጠፈው ስም ከእኔ ዝርዝር ነው የሚታተመው። «ባዶ ወረቀት ልለጥፍ?» አሉኝ። እስከ እሁድ ማታ አስተካክላለሁ ብዬ ማልኩላቸው።

ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ኮምፒውተር» ብዬ አልፋለሁ፤ በዚህ ምክንያት ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የተበላሸ ማተሚያ ተሸክሞ እኔ ጋ ይመጣል። ዛሬ ግን ሥራዬን ትንሽ ማስረዳት ግድ ሆኖብኛል፤ አለዚያ የሆነው ነገር አይገባም።

አንድ ወላጅ ፎርም ሲሞላ ስለ አንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚሞላው። ወላጁ ውስጥ የትዳር ጓደኛ አለ፤ የትዳር ጓደኛው ውስጥ ስልክ አለ። ወላጁ ውስጥ ልጅ አለ፤ ልጁ ውስጥ ጤና አለ፣ እንቅልፍ አለ፣ ምግብ አለ። ሳጥን ውስጥ ሳጥን ነው። ገጹ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ክፍት ቦታ ወደ ሳጥኗ የሚወስደውን መንገድ በስሟ ይዛለች። «ልጅ፣ ነጥብ፣ እንቅልፍ፣ ነጥብ፣ ሰዓት» ትላለች። ሰውየው «አስገባ» የሚለውን ሲጫን፣ ፍሬምወርክ የምንለው ፕሮግራም፣ ማለትም ከሥር ሆኖ ከባዱን ሥራ የሚሸከምልን፣ መንገዱን እየተከተለ እያንዳንዱን መልስ ከቦታው ያደርሳል።

መንገድ ላይ ሳጥን ቢያጣስ? ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አይጠይቅም፤ ራሱ ይሠራል። «ልጅ፣ ነጥብ፣ ስም» የምትል ክፍት ቦታ ከደረሰችው፣ ውስጧ ምንም ባይጻፍባትም፣ ልጅ ከሌለ ልጅ ይፈጥራል። ስም የሌለው፣ የልደት ቀን የሌለው፣ ቢሆንም ልጅ ተብሎ የሚቆጠር ልጅ። የእኔ ገጽ ደግሞ «ሌላ ልጅ ጨምር» የሚል ቁልፍ አለው፤ ሰው ቁልፍ ካየ መጫን ይወዳል። አንድ ልጅ ብቻ ያለው ወላጅ ቁልፉን ይጫናል፣ አዲስ ክፍት ቦታ ሲመጣበት ዝም ብሎ ትቶት ያልፋል፣ ፍሬምወርኩ ግን አያልፍም። ስም የግድ ነው የሚል ደንብ ጽፌ ነበር እኮ። ደንቡ ግን ውጭኛውን ሳጥን ብቻ ነው የሚያየው፤ ወደ ውስጥ ገብተህ ፈትሽ ብለው ካላዘዙት አይገባም። እኔም አላዘዝኩትም።

ምስጢሩን ሳገኘው በሥራዬ ላይ እንደሚሆነው ትንሽ ደስ አለኝ። ከዚያ ዝርዝሩን ወደ ታች ሳወርድ ከባዶዎቹ ልጆች በአንዱ አጠገብ የራሴን ስም አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዬን ስሞክር የውሸት ስም መፈልሰፍ ይሰለቸኛል። ባልደረቦቼ የመጣላቸውን ፊደል ደብድበው ያልፋሉ፤ እኔ ግን የራሴን ቤት ነው የምሞላው። ስሜን፣ አድራሻዬን፣ የባለቤቴን ስም፣ የባለቤቴን ስልክ። በቃሌ የማውቀው ስልክ የእሷን ብቻ ነው። የዚያን ቀን የሞከርኩት፣ ምንም ልጅ ሳያስገባ የሚመዘገብ ወላጅ ቢመጣ ምን ይሆናል የሚለውን ነበር። የልጅ ቦታዎቹን ሁሉ ባዶ ትቼ «አስገባ»ን ተጫንኩ። «ቢያንስ አንድ ልጅ ያስገቡ» ብሎ ሊመልሰኝ ይገባ ነበር። አልመለሰኝም። በኋላ አየዋለሁ ብዬ ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ።

አሁን ግን ከስሜ ጎን ያለውን አነበብኩ። «መልእክት፦ ተልኳል» ይላል።

ምዝገባ ሲያልቅ መልእክት የሚሄደው ለሁለተኛው ወላጅ ስልክ ነው፤ ፎርሙን የሞላው ሰው ገጹ ላይ ያየዋል ብለን ነው። በሙከራ ጊዜ መልእክቱ ዝግ ነበር። አለቃዬ ጋ ደወልኩ።

«መልእክቱን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ፣ ትናንት ከሰዓት» አለችኝ። «ለማቆያው ሰዎች ላሳያቸው ብዬ። ተጠራቅሞ የነበረው ሁሉ በአንዴ ወጣ። ደስ አላቸው። ምነው፣ ምን ሆነ?»

«ምንም» አልኳትና ዘጋሁት።

መልእክቱን የጻፍኩት ራሴ ስለሆንኩ ማየት አላስፈለገኝም። «የልጅዎ» ይልና ስም ይገባበታል፤ ቀጥሎ «ምዝገባ ተጠናቋል። እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። ባለቤቴ ስልክ ላይ የደረሰው መሃሉ ባዶ ነው።

ባለቤቴ ቤት የለችም። እህቷ ዘንድ ከሄደች ሰነባብታለች። ባለፈው ዓመት ፀንሳ ነበር፤ ሰባተኛ ወሯ ላይ ጽንሱ ሆዷ ውስጥ እንዳለ ሞተ። ከዚያ በኋላ አልተጣላንም። ብንጣላ በስንት ጣዕሙ። ትሕትና ገባብን። «ይቅርታ፣ ጨዉን ታቀብለኛለህ?» ትለኛለች። «ምን ችግር አለው» እላታለሁ። አንድ ክፍል የደረሳቸው እንግዶች ይመስል መታጠቢያ ቤት እንኳ «ቅደም፣ ቅደሚ» እየተባባልን ነበር የምንገባው። አንድ ቀን «እህቴ ጋ ሄጄ ትንሽ ልረፍ» አለችኝ። እኔም «ጥሩ ነው፣ እረፊ» አልኳት። መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፤ መስታወቱን ለየሰዉ ዓይን ሞርዳ የምታስተካክለው እሷ ናት። እህቷ ከተማም መነጽር ቤት አይጠፋም፤ ጥቂት ቆይታ ሥራ መጀመሯን በስልክ ነገረችኝ። «ደስ ይላል» አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ፣ ለምን እንደገባሁ ጠፍቶብኝ ብዙ ቆየሁ።

ናፍቃኛለች። ምንም ማሳመሪያ አያስፈልገውም፤ ናፍቃኛለች። መነጽሬን ሳታስፈቅደኝ ከአፍንጫዬ ላይ ነጥቃ፣ እፍ ብላበት በእጅጌዋ እየወለወለች፣ «በዚህ ቆሻሻ ነው ዓለሙን የምታየው?» የምትለኝ ናፍቆኛል። ማታ በር ስከፍት መብራት በርቶ ማግኘት ናፍቆኛል። ይህን ሁሉ በስልክ ልላት አስቤ፣ ስትደውል የምላት «ደኅና ነኝ፣ አንቺስ?» ነው።

እንግዲህ ለዚህች ሴት ነው «የልጅዎ ምዝገባ ተጠናቋል፣ እንኳን ደስ አለዎት» ብዬ የላክሁት።

ልደውልላት ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳውጠነጥን ስልኩ ራሱ ጮኸ። ዋርሳዬ ናት፣ የባለቤቴ እህት።

«ምን ብለህ ነው የላክህላት?» አለችኝ ሰላምታ ሳትሰጠኝ። «ከትናንት ጀምሮ ስልኳን አቅፋ ተቀምጣለች። እራት አልበላች፣ ቁርስ አልበላች። ስድብ ከሆነ ንገረኝ፣ እኔም የድርሻዬን ልስደብህ።»

«ስህተት ነው። የሥራ ስህተት ነው።»

«እንግዲያው ለራሷ ንገራት። እኔ የናንተን ዝምታ ማመላለስ ታክቶኛል።» ከዚያ የእግር ኮቴ፣ የበር ድምፅ፣ ቀጥሎ የባለቤቴ ትንፋሽ።

«ሰላም ነው?» አለችኝ።

«ሰላም ነው። መልእክቱ... »

«አይቼዋለሁ።»

«ስህተት ነው» አልኩና ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ሳጥን፣ ስለ ነጥብ፣ ፍሬምወርኩ የሌለውን ነገር እንዴት እንደሚፈጥር፣ ደንቡ ለምን ወደ ውስጥ እንዳልገባ። ስፈራ ብዙ አወራለሁ። እሷም ታውቃለች፤ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ስሙን ለምን ባዶ ተውከው?» አለችኝ።

«አልተውኩትም። ማለቴ ትቼዋለሁ፤ ግን ልጅ እንዳይኖር ብዬ ነው።»

ያልኩት ነገር ለራሴ ጆሮ የደረሰው ካልኩት በኋላ ነው። ከኋላዋ እህቷ ዕቃ እያንኳኳች ነበር።

«መጀመሪያ በጣም ነበር የተናደድኩት» አለችኝ። «ደውዬ ልሰድብህ ነበር። ከዛ ደጋግሜ አነበብኩት። ታውቃለህ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ሁሉ አይዞሽ ነው ያለኝ። እንኳን ደስ አለሽ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ያንተ ማሽን ብቻ ነው ያለኝ።»

ትንፋሼ እንዳይሰማት ስልኩን ራቅ አደረግኩት።

«አሁን ምን ልታደርገው ነው?»

«ማቆያው ሰኞ ይከፈታል። ባዶዎቹን ሁሉ ማጥፋት አለብኝ። አንድ ትእዛዝ ነው፤ በአንዴ ይጠፋሉ።»

«የኛም?»

«የኛም» ለማለት አፌን ከፍቼ አቃተኝ።

«እንዳታጠፋ» አለችኝ። «ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ።»

«መናኸሪያ ልቀበልሽ?»

«መንገዱን አውቀዋለሁ» አለችና ዘጋችው።

ቀኑን ሙሉ ኮዱን ሳስተካክል ዋልኩ። ሥራው ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ደንቡን ወደ ውስጥ ገብተህ እይ ብዬ አዘዝኩት። ሁለተኛ፣ ክፍት ቦታዎቹ ሁሉ ባዶ ከሆኑ ልጅ እንዳይፈጥር ከለከልኩት። በመጨረሻ እስካሁን የተፈጠሩትን ባዶዎች የሚጠርገውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ስም የሌለው ልጅ፣ ልጅ አይደለም፤ ትእዛዙ የሚለው ይህንኑ ነው። ለማሽን ሲጻፍ አንዲት አጭር መስመር ናት። ለራሴ ድምፄን አሰምቼ ሳነባት ግን ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩና ውጭ ውጭውን ሳይ ቆየሁ። ከዚያ ቤቱን ጠራረግሁ፣ አንሶላ ቀየርኩ፣ የቀየርኩትን አንሶላ ደግሞ ነገር ያስመስልብኛል ብዬ መልሼ ልቀይረው ሁሉ አሰብኩ። ትመጣለች ማለት ትመለሳለች ማለት እንዳልሆነ ራሴን ደጋግሜ መከርኩት። ራሴ ግን ምክር አይሰማም።

እሁድ ረፋድ ላይ በሩን ቆረቆረች። ቁልፍ አላት፤ ቆረቆረች። ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ቦርሳዋን ነው፤ ትንሽ የእጅ ቦርሳ ናት፣ ለአንድ አዳር የሚሆን ልብስ እንኳ አትይዝም። ማየቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ «ለአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ መመለሻ ትኬት ቆርጫለሁ» አለችኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳት። ያቺ የተረገመች ትሕትና!

ከስታለች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ገብታ በቤቱ ዙሪያ ዓይኗን ስታዞር፣ ከመጽዳቱ የተነሣ ማንም የማይኖርበት ቤት መምሰሉ አሁን ታየኝ። ቀና ብላ ፊቴን አየችና መነጽሬን ከአፍንጫዬ ላይ አነሳችው። እፍ አለችበት፣ ወለወለችው፣ ወደ መስኮቱ አቅንታ ተመለከተችበትና መልሳ አደረገችልኝ። እኔም ወደ ጠረጴዛው ቶሎ ዞርኩ።

ጎን ለጎን ተቀምጠን ገጹን ከፈትኩት። ከላይ የእኔ ስም፣ ከሥሬ የእሷ ስምና ስልክ፣ ከሥራችን ልጅ። ከልጁ ሥር ያሉት ክፍት ቦታዎች ሁሉ ነጭ ናቸው።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ጥያቄው ብዙ ነው» አለች ወደ ታች እያየች።

«የሕፃናት ማቆያ አይደል፤ ሁሉንም ማወቅ ይፈልጋሉ።»

እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቆየችና፣ «ሞልተን እናጥፋው» አለችኝ። «እንዲሁ ባዶ ሆኖ አይሂድ።»

ሞኝነት ነው ልል ይሆናል ብላ የጠበቀች ይመስለኛል። አላልኩም። ጠቋሚውን ወደ መጀመሪያዋ ክፍት ቦታ፣ ወደ ስም፣ ወሰድኩት።

«ቆይ፣ ከዛ አትጀምር» አለችና ማውሱን ከእጄ ወሰደችው። ዝቅ አድርጋ ጾታ የሚለው ላይ ቆመች። ሁለት ትናንሽ ክቦች ናቸው፤ ወንድ፣ ሴት። «ሴት» የሚለውን ተጫነች።

ለካ አላውቅም ነበር። ሐኪሙ በምርመራው ጊዜ ልንገራችሁ ሲለን፣ እስክትወልድ እንዳይነግረን የለመንነው ሁለታችንም ነን። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማን አንስቶት?

«መቼ ነገሩሽ?»

«ያኔውኑ። አንተ ውጭ ወረቀት ስትፈርም ነርሷ ማወቅ ትፈልጊያለሽ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።»

«አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅከኝም።»

«እንዳላስለቅስሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም እንዳላስለቅስህ ብዬ ነው።»

ሴት ልጅ ነበረችን። ይህን ሁሉ ጊዜ በልቤ ስጠራው የኖርኩት «ልጁ» እያልኩ ነው። ባለቤቴ ማን እንደናፈቃት ታውቅ ነበር፤ እኔ ግን የናፈቀኝን እንኳ አላወቅኩትም።

በእርግዝናዋ ጊዜ ወንድ ከሆነ ስም አውጪው እኔ፣ ሴት ከሆነች እሷ ብለን ተስማምተን ነበር፤ ያወጣነውንም እስኪወለድ ላንነጋገር። ስለዚህ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁና ወደ እሷ ገፋሁላት። ወንበሯን አስተካከለች። በሁለት ጣት ነው የምትጽፈው፤ እያንዳንዱን ፊደል ፈልጋ እያገኘች ጻፈችው። ስሙን እዚህ አልደግመውም፤ የእኛ ነው። ቆንጆ ስም መሆኑን ግን እናገራለሁ።

«ወደድከው?»

«በጣም።»

«የእናትህን ስም ትላለህ ብዬ ፈርቼ ነበር።»

«ወንድ ቢሆን ኖሮ እኔ ያወጣሁትን ብትሰሚ ትፈሪ ነበር» አልኳት። ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

የልደት ቀን የሚለው ላይ ሐኪሙ ትወልጂበታለሽ ያላትን ቀን ጻፈች። ገጹ ዕድሜዋን ራሱ አስልቶ ከጎኑ አወጣው። መዳኽ የምትጀምርበት ዕድሜ ነው። ሁለታችንም ወደ ወለሉ አየን፤ ለምን እንዳየን አልተነጋገርንም።

«ስንት ሰዓት ትተኛለች?» ብዬ አነበብኩ።

«በአንተ ከወጣች መቼ እንደምትነሣ ነው መጠየቅ ያለባቸው።»

«የማትወደው ምግብ?»

«ምንም የለም።»

«ካሮት» አልኩ።

«ለምን ካሮት?»

«እኔ ስለማልወድ።»

«ልጅቷ እኮ አንተ አይደለችም። ካሮት ለዓይን ጥሩ ነው።»

«መነጽር ቤት የምትሠራ ሰው እንዲህ ስትል ገበያዋን መዝጋቷ ነው» አልኳት። በካሮት ተከራከርን። የምር ተከራከርን፤ ድምፃችን ከፍ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ የተጨቃጨቅነው በካሮት ነው። በመጨረሻ እኔ አሸነፍኩ መሰለኝ፣ ካሮት ብላ ጻፈችው።

«ስታለቅስ ምን ያባብላታል?» የሚለው ላይ ስንደርስ ብዙ አሰበች። ከዚያ፣ «አባቷ ሲያንጎራጉርላት ዝም ትላለች። ድምፁ ጥሩ አይደለም» ብላ ጻፈች። ልቃወም ብዬ ተውኩትና ወደሚቀጥለው ወረድኩ።

«ማታ ማን ይረከባታል?»

«አንተ» አለችኝ። «እኔ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሱቅ ነኝ።»

«ሁልጊዜ እኔ?»

«ቅዳሜ እኔ።»

«ቅዳሜ ማቆያው ዝግ ነው።»

«ታዲያ ለዛ አይደል» አለች። የትኛውን ሱቅ ማለቷ እንደሆነ፣ የእዚህን ይሁን የእህቷን ከተማ፣ ልጠይቃት ፈልጌ ፈራሁ።

ሞልተን ጨረስን፤ «አስገባ»ን ተጫንኩ። አንድም ስህተት አልወጣም። እንቅልፏ ከእንቅልፏ ቦታ፣ ካሮቷ ከምግቧ ቦታ፣ እሷ ከእኛ ሥር፣ ሁሉም በየመንገዱ ሄዶ ከቤቱ ገባ። በሥራዬ ብዙ ፎርም ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ሆኖ ሲሞላ ያየሁት ግን የለም።

ጸሐፊዋ ደወሉ። «ልጄ፣ ስሞቹን ላትም ነው። ጨረስክልኝ?»

«ትንሽ ቀርቶኛል።»

«አደራህን። ተጠባባቂ ላይ ያለች አንዲት እናት ስልኬን አላሳርፍ ብላኛለች። አንድ አልጋ ብታስለቅቅልኝ ልጇ ይገባላት ነበር።»

ባለቤቴ ሰምታለች። እኔም ትእዛዙን ሰጠሁ። ስም የሌላቸው ሕፃናት ከዝርዝሩ ላይ ባንድ ጊዜ ጠፉ፤ ተጠባባቂዎቹ በየቦታቸው ገቡ፣ አንድ ልጅ ብቻ ሳይገባ ቀረ። የእኛ ልጅ ግን ስሟንና አልጋዋን ይዛ እዚያው አለች።

«ለምን ቀረች?» አለችኝ።

«ስም አላት። ስም ያላትን ትእዛዙ አይነካም።»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

«በእጅ ነው» አልኳት።

ቀዝቃዛ እጇን ማውሱ ላይ ባለው እጄ ላይ አደረገች። ማን ቀድሞ እንደተጫነ እስከ ዛሬ አላውቅም። መስመሯ ጠፋች፤ ከሥሯ የነበሩት ስሞች አንድ ደረጃ ከፍ አሉ። ፕሮግራሙም እንደተሠራው የቀረውን አንድ ተጠባባቂ አንስቶ በቦታዋ አስገባ። ወንድ ልጅ ነው። ከጎኑ «መልእክት፦ ተልኳል» የሚል መጣ።

የልጁን ስም አነበበችው፤ ከሁለተኛው ወላጅ ቦታ ላይ የእናቱንም ስም አነበበች።

«አሁን ስልኳን እያየች ነው» አለች። «እንኳን ደስ አለዎት ይላታል።»

ከዚያ አለቀሰች። ልጃችን ከሞተችበት ቀን ወዲህ እኔ ፊት አልቅሳ አታውቅም፤ ሲመጣባት ወደ መኝታ ቤት ትሄድ ነበር፣ እኔም ላስቸግራት አይገባም ብዬ በሩን አልፈው ነበር። አሁን የምትሄድበት መኝታ ቤት የእሷ ይሁን አይሁን አታውቅም መሰለኝ፣ እዚያው ወንበሯ ላይ አለቀሰች። እኔም አልተነሣሁም። መነጽሬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አብሬያት አለቀስኩ። ልጄን በስሟ እየጠራሁ አለቀስኩ፤ የሚጠራ ስም ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ስንረጋጋ ከሰዓት በኋላው ገፍቷል። ሰዓቷን አየች፣ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ቦርሳዋን ከወለሉ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። «መናኸሪያ ድረስ ልሸኝሽ» የሚለው ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ዋጥኩት።

«አትሂጂ» አልኳት። «ናፍቀሽኛል። መልካም እየመሰለኝ ሁሉን ነገር ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው አልኩሽ እንጂ አንዱም ጥሩ አልነበረም። አትሂጂ።»

ቦርሳዋን ከፍታ ስልኳን አወጣችና ቁጥር ነካች። የእህቷ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ለእኔም ይሰማ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች ባለቤቴ። «ነገ በሚመጣው አውቶቡስ ዕቃዬን ላኪልኝ።»

«የትኛውን ዕቃ?» አለቻት።

ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል።

«ሁሉንም» አለቻት።